የቤተ መጻሕፍቱ አራተኛ ሙከራ

በ1999 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በባሮ ዳር ያለው ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ቢየል ኮምፒውተሩ ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ገላው ላይ ጭረት እንኳ የለም። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ነዳጁን የጨረሰ ጀኔሬተር ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል።

ሺታዬ ጥሪው ሲደርሳት ነጠላዋን ሳታስተካክል ሮጠች። የተያዘችው ልጇ ልድያ ናት። ልድያና ቢየል፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ በሚገኝ መሥሪያ ለቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ሲሠሩ ወር አልፏቸዋል። መብራት በሄደ፣ ኢንተርኔቱ የሚገባበት የስልክ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ድካማቸው ገደል ይገባል፤ እነሱም እርስ በርስ ይነካከሳሉ። ፖሊሶቹ ለእናቲቱ የነገሯት፣ ከሟቹ ጋር መጨረሻ የተጣላችው ልጅሽ ናት ብለው ብቻ ነው። ዘበኛው እንየው ግን ጀኔሬተሩን ከግቢው ወደ ክፍሉ ያስገባችው ልድያ ናት ሲል ለብቻው ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል።

ኢንስፔክተር ኛማል ጎንበስ ብላ የጀኔሬተሩን እግሮች በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ ልድያን ጠራቻት።

«ስትመጪ ይዘንብ ነበር?»

«ከትምህርት ቤት የወጣሁት በዝናብ ነው። ከደጃፉ አላለፍኩም። የጀኔሬተሩ ሽታ አፈነኝና አጥፋው አልኩት።»

«እሱስ?»

«ገጾቹ እየተላኩ ነው፣ ለአራተኛ ጊዜ ከዜሮ አልጀምርም አለኝ። እንግዲያው ከነኮምፒውተርህ ተቀበር ብዬው ሄድኩ።»

ሺታዬ በዚህ ዕድሜዋ እዚሁ በረንዳ ላይ መሠረተ ትምህርት የጀመረችው የልጇን ገጽ ለማንበብ ነበር።

ኛማል እናትና ልጅን ከእንየው ጋር አስቀመጠቻቸው።

«የገደለው ጭሱ ነው» አለች። «ዝናቡ የጀመረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ግቢው ጭቃ ሆኗል፤ የጀኔሬተሩ እግር ግን የያዘው ደረቅ አቧራ ነው። ስለዚህ የገባው ከዝናቡ በፊት፣ ልድያ ትምህርት ቤት ሳለች ነው። መስኮቱን ቢየል ራሱ ዘጋው፤ ዝናቡ ሲገባበት ጠረጴዛው ላይ የተወው ፍንጣሪ ይታያል። ጋሽ እንየው፣ ለምን ዋሹ?»

«ፈራኋ። ማንም ክፉ አላሰበም። ጩኸቱ በረንዳ ላይ የሚማሩትን አላሰማ ብሎ ነው።»

«ብቻዎን አያነሱትም። ማን አገዘዎት?»

ዝም ቢባል ልድያ ነጻ ናት፤ የእናቷን እጅ ጨብጣ በእፎይታ ታለቅሳለች።

«እኔ ነኝ» አለች ሺታዬ። «አስገባልን ብዬ የለመንኩትም፣ አንዱን ጫፍ የያዝኩትም። በጩኸቱ የፊደሉ ንባብ አልሰማ ብሎኝ። ቢየልም በሩን ከፈተልን።»

ልድያ ማልቀሷን አቆመች። እጇንም ቀስ ብላ ሳበች።