ለበር ማን ያለሰልሳል?

እስቲ እናንተው መልሱ፤ ማንም ሳያዝዘው የተዘጋ በር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በጨውባር ከተማ በሮች እጀታ የላቸውም። ሰው ይናገራቸዋል፣ እነሱም ይሰማሉ፣ ይመልሳሉም። «ተከፈት» ያሉት ይከፈታል፤ «ተዘጋ» ያሉት ይዘጋል። «ከተጋበዘ በቀር ለማንም አትከፈት» የተባለ በር ደግሞ ያዘዘው ሰው ራሱ ተመልሶ በገዛ ድምፁ ትእዛዙን እስኪያነሣ ድረስ ዓለም ቢገለበጥ ለሌላ ሰው አይከፈትም። በር ስም አያውቅም፣ ማዕረግም አያውቅም። የሚያውቀው ድምፅ ብቻ ነው። ይህን በጨውባር ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። የሰባቱ ቤተ እምነቶች ጉባኤ ግን የማያውቅ መስሎ ወራት አለፉ። የጋራ አዳራሹን በር ማን እንደዘጋው በተጠየቀ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ «በሩ ተዘግቷል፤ ጉዳዩ እየተጣራ ነው።»

ያንን መልስ ያሳመረችው ውብሪስት ናት።

ውብሪስት ለሃይማኖት ተቋማት ቃል አቀባዮች የመገናኛ ብዙኃን ሥልጠና የምትሰጥ ባለሙያ ነበረች። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመድረክ ላይ ሕዝብ ሲያስለቅሱ የኖሩ አባቶች ካሜራ ፊት ሲቀመጡ እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እሷ ቀና ታደርጋቸዋለች። ያልተጠየቁትን እንዳይመልሱ፣ የተጠየቁትን በአጭሩ እንዲመልሱ፣ ሲናደዱ ውኃ እንዲጠጡ ታስተምራለች። ሥራዋን ትወደዋለች። ማታለል ነው ያላት ሰው ካለ ደግሞ ከተቀመጠበት ሳይነሣ መልሱን ያገኛል፤ ቁጣዋ ቅርብ ነው።

ዋና መሣሪያዋ አለስላሽ ይባላል። አንገት ላይ የሚታሰር፣ ከነጠላ ጥለት የማይወፍር ቀጭን ቀለበት ነው። ከጉሮሮ የሚነሣውን ድምፅ ከአፍ ሳያመልጥ ውጦ፣ ቃሉን አስተካክሎ፣ በዚያው ሰው ድምፅ መልሶ ያወጣዋል። «ረሳነው» ያለ ሰው «በሥራ መደራረብ ምክንያት ዘግይቷል» ሲል ይሰማል። «ተሰዳደብን» ያለው ደግሞ «ገንቢ ውይይት ተካሂዷል» ሲል። ሰባቱም የጉባኤው አባላት በአደባባይ ያለ አለስላሽ ታይተው አያውቁም።

አዳራሹ ተራ አዳራሽ ቢሆን ነገሩ ተረስቶ በቀረ ነበር። ከጨው ሜዳው በታች የተቆፈረ ነውና ውስጡ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። በዓመት አንዴ ንዳድ ሲመጣ፣ ማለትም ያ ከሜዳው ተነሥቶ ሰው የሚገድለው ሙቀት ሲመጣ፣ በቤቱ ማቀዝቀዣ የሌለው ሁሉ ሃይማኖት ሳይለይ ወደዚያ ይሮጣል። ባለፈው ንዳድ የጋራ ጸሎቱ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ከጉባኤው አንድ ሰው፣ ላቡ የሚንጠፈጠፍ ሕዝብ ምስሉ ውስጥ እንዳይገባበት ብሎ፣ ለበሩ ያንን «ለማንም አትከፈት» የሚለውን ትእዛዝ ተናገረ። ሦስት ሰዎች ደጃፉ ላይ ሞቱ። ከሦስቱ አንዱ የአመለወርቅ ባል ነበር።

የተጋበዙት ከወጡ ወዲህ በሩ ዛሬም እንደተዘጋ ነው። ልስበረው ቢሉ ጣሪያው ይደረመሳል። አባላቱ አንድ በአንድ በሩ ፊት ቆመው ድምፃቸውን ይሞክሩ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ጉባኤው «የአባቶችን ክብር የሚነካ ሆኖ ተገኝቷል» አለ። አሁን አዲሱ ንዳድ እየመጣ ነው። የአየር ትንበያው ነገ ይገባል ብሏል።

በዚያ ጠዋት ጉባኤው ስለ በሩ ከሚሰጠው መግለጫ በፊት የመጨረሻው ልምምድ ነበር።

«አባታችን፣ እንደገና» አለች ውብሪስት።

የጉባኤው ቃል አቀባይ መላከ ብርሃን ጥዑመልሳን አለስላሹን እየነካኩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ጢሜን ይዞኛል።»

«ጢምህን ሳይሆን ምላስህን ቢይዝልን ነበር የሚሻለው» አሉ ከጎናቸው የተቀመጡት ምክትላቸው ሼህ ሙክታር።

«ሼኪ፣ አንተ ዝም በል። ትናንት የቤት ሥራ ተሰጥቶህ ሲያልብህ አይቼሃለሁ።»

«አልቦኛል፤ ግን ጨርሻለሁ። አንተ ብትሆን እስካሁን ‹በሂደት ላይ ነው› ትል ነበር።»

ውብሪስት ሳትፈልግ ሳቀች። የቤት ሥራው እውነት ነበር። አለስላሽ በምሳሌ ነው የሚማረው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ አለ፤ በአንዱ ሰው እንዳፈተተው የተናገረው ይጻፋል፣ በሌላው የለሰለሰው። ለዛሬው መግለጫ አዳዲስ ምሳሌዎች ያስፈልጉ ነበርና ሼህ ሙክታር በትዕግሥት ሞልተዋቸው ነበር። ውብሪስት ጊዜ አጥሯት መልሳ ሳታነብ፣ ልምምዱ እንዳለቀ በሰባቱም አለስላሾች ላይ ጫነቻቸው።

መግለጫው የተሰጠው ከአዳራሹ በር ጎን ባለው ክፍል ነው። ጋዜጠኞች ሞልተዋል፤ ስርጭቱ ለመላው ከተማ በቀጥታ ይሄዳል። ከመድረኩ በላይ የአመኔታ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከሚሰማው ሕዝብ ስንቱ ተናጋሪውን እንዳመነ ከቅጽበት ወደ ቅጽበት የሚያሳይ ነው። የጉባኤው አባላት በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ከእነሱ ኋላ አመለወርቅ አለች፤ ጥቁር ለብሳ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ።

መላከ ብርሃን ተነሡ። በልባቸው ያዘጋጁት፣ በአፋቸውም ያሉት፣ «ባለፈው ንዳድ የአዳራሹ በር ተዘግቶ ነበር» ነው። ከአንገታቸው የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ባለፈው ንዳድ የአዳራሹን በር ዘጋሁት።»

መላከ ብርሃን የገዛ ድምፃቸውን ሰምተው ዓይናቸው ፈጠጠ። ሊያርሙ ተጣደፉ። «ስሕተት ተፈጥሯል» ሊሉ ነበር።

«ስሕተት ሠርቻለሁ።»

«ሕይወት ጠፍቷል፤ በጉዳዩ ላይ...»

«ሕይወት አጥፍቻለሁ።»

ውብሪስት ከመቆጣጠሪያዋ ኋላ ነበረች። አንድ ጣቷን ብትጭን አለስላሹን ማጥፋት ትችላለች። ጣቷ ሄዶ ቆመ፤ ዓይኗ የአመኔታ ሰሌዳው ላይ ቀርቷልና። ቁጥሩ እየወጣ ነው። በሙያዋ አይታው ወደማታውቀው ቦታ እየወጣ ነው። ወራት ሙሉ የተጋችበትን፣ ቃል በቃል ያሸችውን፣ ያንን «እየተጣራ ነው» ማንም ሳያምነው፣ ይኸው አሁን አንድ «እኔ» ከተማዋን በሙሉ ቀጥ አድርጎ አቁሟል። ፈራች፤ ግን ከፍርሃቱ በላይ የሆነ ነገር ደሟን አፈላው።

አመለወርቅ ተነሣች። «አባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከዘጉትማ ይክፈቱት።»

ሁሉም ተነሥቶ ወደ በሩ ወጣ፤ ካሜራዎቹም ተከተሉ። መላከ ብርሃን በሩ ፊት ቆሙና «ተከፈት» አሉ።

«የለሰለሰ ድምፅ አልቀበልም» አለ በሩ፣ በዚያ ሁልጊዜ በሚናገርበት ቀዝቃዛ ድምፁ።

ሽማግሌው አለስላሹን ከአንገታቸው ፈቱት። ሲናገሩ የወጣው ሻካራ፣ የደከመ፣ ምእመናቸው እንኳ የዘነጋው ድምፅ ነበር። «ተከፈት።»

«ይህ ድምፅ አላዘዘኝም።»

መላከ ብርሃን ግድግዳውን ተደገፉ። አመለወርቅ ትክ ብላ አየቻቸው። «እርስዎ አይደሉማ» አለች። በድምፅዋ እፎይታም ነበረበት፣ ንዴትም።

የጉባኤው ዋና ጸሐፊ አቶ ልዑልሰገድ ውብሪስትን ክንዷን ይዘው ገለል አደረጓት። ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ሰሌዳውን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ይኼን ነገር ለሁላችንም አድርጊልን።»

«የትኛውን ነገር?»

«‹እኔ ነኝ› የሚለውን ነዋ። የአባታችን ስሕተት ወደ በሩ መሄዳቸው ነው። እኛ አንሄድም። ከሰዓት በኋላ ሰባታችንም ቆመን ‹እኔ ነኝ የዘጋሁት› እንላለን። ሕዝቡ ያለቅሳል፣ ይቅር ይላል፣ ያልቃል።»

«እና ማን ሆነ ማለት ነው የዘጋው?»

«ሰባታችንም ካልን ማንም አልሆነም» አሉ ልዑልሰገድ፣ ፈገግ ብለው። «ውበቱስ እሱ አይደል?»

ውብሪስት ክንዷን አስለቀቀች። ንዴቷ ከእግር ጥፍሯ ተነሣ። ሥራዋን ማታለል ነው ያሏትን ሁሉ ስትሞግት የኖረች ሴት ናት፤ እኚህ ሰው ግን እየሰደቧት አልነበረም፣ እያመሰገኗት ነበር። ሄዳ የምሳሌዎቹን ሰሌዳ ከፈተች። ገና የመጀመሪያውን መስመር እንዳየች ገባት። የለሰለሰው በጥሬው ዓምድ፣ ጥሬው በለሰለሰው ዓምድ ተጽፏል። አለስላሹ አልተበላሸም። የተማረውን ነው የሠራው፤ ለስላሳውን እየወሰደ ወደ ጥሬው መልሷል፣ ባለቤት ያጣበት ግሥ ላይ ሁሉ ደግሞ በአቅራቢያው ያገኘውን ሰው፣ ተናጋሪውን፣ አስቀምጧል።

«ሼህ ሙክታር፣ ይኼን ከየት በኩል ነው የሞሉት?»

ሼሁ መነጽራቸውን አውጥተው አዩት። «ከቀኝ ነዋ። ዕድሜ ልኬን ከቀኝ አይደል የምጀምረው?»

መላከ ብርሃን ከግድግዳው ሳይላቀቁ ሰሙ። «አንተ ከቀኝ ስትጀምር እኔን በከተማው ፊት ነፍሰ ገዳይ አደረግኸኝ።»

«እኔ ምንም አላደረግሁህም። ንግግርህን ብቻ ነው የገለበጥኩት» አሉ ሼህ ሙክታር። ቀልዳቸው መሐል ላይ ጠፋ። «ከጀርባው ሰው ነበረበት።»

ውብሪስት ያንን ሰምታ በሩን አየችው። ያን ቀን፣ ያ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ሰውየው አለስላሹን አላሠረም ነበር፤ አሥሮትማ ቢሆን በሩ ባልተቀበለው። ደግሞስ ለምን ያሥረዋል? ለበር ማን ያለሰልሳል? ሰው ለሰው ሲናገር ቃሉን ያሻል፣ ያጥባል፣ ሽቶ ይቀባል። ለበር ግን የሚፈልገውን ነው የሚነግረው። ሕዝቡ አንድ እውነት ሲለምን በከረመበት ጊዜ ሁሉ፣ ከዚያ ጉባኤ የወጣውን አንድ ያልለሰለሰ ዐረፍተ ነገር የሰማው በሩ ብቻ ነው። ከሰው ይልቅ ለእንጨትና ለብረት የታመነ ትውልድ። እሷም ቀለቡን ስትሰፍርለት የኖረች።

ሼህ ሙክታር አለስላሻቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት። ማንም ሳይጠይቃቸው በሩ ፊት ቆሙ።

«ተከፈት።»

«ይህ ድምፅ አላዘዘኝም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ወደ አመለወርቅ ዞሩ። «ልጄ፣ አልዘጋሁትም። ግን ‹እየተጣራ ነው› ስትባዪ አጠገብ ተቀምጬ ራሴን ነቅንቄአለሁ። እሱንም ካሜራው ይያዝልኝ።»

«ስርጭቱ ይቋረጥ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ።

«ማን ነው የሚያቋርጠው?» አለች ውብሪስት።

እንደዚያ ሲባል ስርጭት የሚቋረጥላቸው አንድ ሰው ስለሚሰማ ነበር፤ የምትሰማውም እሷ ነበረች። አሁን አልሰማችም። መቆጣጠሪያዋን አነሣችና በአንድ ጣት አለስላሾቹን ሁሉ አጠፋቻቸው። በአባላቱ አንገት ላይ የነበሩት ትንንሽ ብርሃኖች እኩል ጨለሙ። አንዱ ሳል ያዘው። ሌላው እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፤ ልብስ እንደተገፈፈ ሰው። ከሜዳው በኩል የመጀመሪያው የጋለ ነፋስ በኮሪደሩ አልፎ በሩን ነካው። ትንበያው ነገ ብሎ ነበር፤ ንዳዱ ግን አልጠበቀም።

ከውጭ፣ ከደረጃው ታች፣ የሰው ድምፅ ይሰማ ጀመር። ስርጭቱን ያዩ የሠፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ሕፃን ያዘለች አለች፣ አባቱን የደገፈ አለ። ወደ በሩ ነው የሚመጡት፤ ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም።

አመለወርቅ ወደ ጎን ብላ በሩ ፊት ቦታ ለቀቀች። የሰው ቁመት የሚያህል ባዶ ቦታ።

ውብሪስት ካሜራውን ራሷ አዞረችው። የተቀሩት አምስቱ ፊቶች የስርጭቱን ምስል ሞሉት። ለማሠልጠን ስትናገር እንደምትናገረው፣ በአጭሩና በግልጽ፣ ተናገረች።

«አባቶቼ፣ ሁለቱ ሞክረዋል። አምስታችሁ ቀርታችኋል። ይቅርታ እንድትጠይቁ አይደለም የምጠይቃችሁ፤ ይቅርታን እንዴት እንደምትሉት ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝና አላምናችሁም። ‹ተዘግቷል› አትበሉኝ፣ ‹ተጣርቷል› አትበሉኝ። አንገታችሁን ገልጣችሁ አንድ በአንድ ኑ፤ እዚህ ቁሙ፤ ከተማው እየሰማ ለበሩ መልሱለት። በሩን የዘጋኸው ሰው፣ ድምፅህን አሰማ።»