ከቆመችበት የጠጣችው ፒካፕ

ሾፌሩ ቢሰጥ ማክሰኞ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰርዶ ከተማ ለሽ ብሎ በተኛበት ሐሩር፣ በተሳቢው ጋቢና ውስጥ በጎማ መፍቻ ተፈልጦ ሞተ። ዝንቡ ከፖሊስ ቀድሞ ደርሷል።

መፍቻው የተገኘው ከሰላሀዲን ሆቴል ጓሮ ነው። ኢንስፔክተር ስንቅነሽ ከሰመራ ስትመጣ ወሎዬው ባለሆቴል በካቴና ታስሮ ፀሐይ ላይ ተጥሏል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ውሃ አስመጣችለት።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ወላሂ እህቴ፣ ትናንት ምግቤን መልሶ ገፋብኝ፤ ተናደድኩ። ለካ አልበላለት ብሎ ነው! ‹አዳይቱ መንገድ ላይ ተገጭታ ያነሳኋት፣ በኋላ የሞተችው ልጅ ትታየኛለች› አለኝ። ‹ገጪውን አይቻለሁ፤ ለአለቃዬ ነግሬ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ› አለ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ሰመራ፣ ቢሰጥ የሚሠራበት የትራንስፖርት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ኃይለ ልዑል ፈገግ ብሎ ተቀበላት።

«ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነበርኩ። ፒካፔ ጂፒኤስ አላት፤ ካርታው ይመስክር።»

መረጃ ያዥዋ ኑሀሚን በራሷ ክፍል ካርታውን ከፈተችላት። እውነትም የፒካፗ ነጥብ ከቢሮው በር ንቅንቅ አላለችም።

ስንቅነሽ ግን ዓይኗ ሌላ ወረቀት ላይ አረፈ። «ይሄስ?»

«ነዳጅ ነው። ማታ ማታ የሁሉም መኪና ሰልባትዮ እስከ አፉ ይሞላል፤ የገባው ሊትር ይጻፋል። ሌባ እንያዝበት ብለው ሥራ አስኪያጁ ያወጡት ደንብ ነው።»

«ከካርታው ጋር ታስተያዪዋለሽ?»

«የተሳቢዎቹን። የእሳቸውንማ ማን ደፍሮ!»

«ዛሬ እንድፈር።»

በማግስቱ ሁሉንም ሰመራ ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሰላሀዲን ካቴናው አልወለቀለትም።

«አቶ ኃይለ ልዑል፣ የቆመች መኪና ማክሰኞ ማታ ዘጠኝ ሊትር ጠጥታለች።»

«ሞተር አስነስቼ የኤሲው ቅዝቃዜ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።»

«ሞተር ሲነሳ ነጥቧ አረንጓዴ ትሆናለች። ቀኑን ሙሉ ቀይ ናት። የጂፒኤስ መሣሪያውን ነቅለው እዚህ ትተውታል። ቅርብ ላለው ዱብቲ ደርሶ መልስ ሁለት ሊትር ይበቃል፤ ዘጠኝ የሚፈጀው ሰርዶ ነው። ነዳጅ ሞይው ልጅ ደንብዎን የሚያውቅ ስለሆነ እንደ ወትሮው ሞላት።»

ስንቅነሽ አንቱታውን ተወችው።

«ያለፈው ሐሙስ ግን መሣሪያውን አልነቀልክም። አዳይቱ ላይ ልጅቷን ገጭተህ፣ አራት ደቂቃ ቆመህ ሄድክ፤ ካርታው ላይ አለ። ቢሰጥ ከኋላህ ደርሶ እዚያው ቆመ፤ ከዚያ ሳያርፍ ዱብቲ ሆስፒታል። ሊነግርህ ሲደውል ሰርዶ ጠብቀኝ አልከው፤ ገድለኸው መፍቻውን ሰላሀዲን ጓሮ ጣልክ።»

«የሞተች መስሎኝ ነው!»

«ምን ሞተች!» አለ ሰላሀዲን። «እስከ ሆስፒታሉ በር ውሃ ውሃ ስትለው ነበር አለኝ።»

ስንቅነሽ ካቴናውን ከሰላሀዲን እጅ ፈትታ በኃይለ ልዑል እጅ ቆለፈችው። ኃይለ ልዑል ወደ ኑሀሚን ዞረ።

«ኑሀሚን፣ እባክሽ ውሃ…»

የውሃ ጠርሙሷ ፊት ለፊቷ ነበር። ኑሀሚን ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው።