የኦኩዛዋ ዛፍ ቀድሞ ያበበበት ዓመት

በቴንፖ ዘመን በአራተኛው ዓመት፣ ሾጉን የሚባሉት የጦር ገዢዎች ገና በከተማቸው በኤዶ ተቀምጠው አገሩን በሰይፍና በደንብ በሚገዙበት ጊዜ፣ በሰሜኑ በሙትሱ ምድር በረዶው ዘግይቶ ቀለጠ፤ ወንዙም የተራራውን ውኃ ተሸክሞ በሁለት መንደሮች መካከል እያጓራ ይወርድ ነበር። ከታች፣ ፀሐይ ከጧት እስከ ማታ የማይለየው ሂናታ አለ፤ ከላይ፣ ተራራው ግማሹን ቀን የሚጋርደው ኦኩዛዋ። ሁለቱም ቅርንጫፉ እስከ መሬት የሚወርድ አንዳንድ አሮጌ የቼሪ ዛፍ ነበራቸው። በዚያ ሸለቆ፣ «ዘንድሮ አበባ የት እንይ?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፤ «መጀመሪያ ሂናታ፤ የሩዝ ጠጁ ከተረፈ ኦኩዛዋ።»

ይህች አባባል የኦኩዛዋውን ጭቃ ሹም ሳጁሮን ዕድሜውን ሙሉ አንጀቱን ስታሳርረው ኖራለች። እውነት ለመናገር ሰውየው ያለ ምክንያት አልነበረም የሚቃጠለው፤ የእሱ ዛፍ በዕድሜም በግርማም የሂናታውን እጥፍ ነበረ፤ ግንዱን ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ግን ጥላ ውስጥ ስለ ቆመ ከታችኛው አሥር ቀን ያህል ዘግይቶ ያብባል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገበሬው ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሏል፣ ጠጪውም ጠጥቶ ጠግቧል። እንዲህ ያለ ዛፍ ተመልካች አጥቶ አበባውን በጭቃ ላይ ሲያራግፍ ማየት ለሳጁሮ ልጁ ሲናቅ እንደ ማየት ነበረ።

ከሁሉ የባሰው ግን ከገዛ ቤቱ ነው። ሚስቱ ኦታሚ የሂናታ ልጅ ነበረች፤ የሂናታውም ጭቃ ሹም ካንስኬ ታላቅ ወንድሟ ነው። በየዓመቱ የታችኛው ዛፍ ሲፈነዳ በጥቁር ቀለም ያማረውን የምግብ ሳጥን አውጥታ፣ የሩዝ ድብልብልና የተጠበሰ ዓሣ ትደረድርበታለች።

«ደግሞ ልትሄጂ ነው?» ይላታል።

«የአባቴ አገር አበባ አበበ፤ ልቅር እንዴ?»

«እዚህስ ዛፍ የለም?»

«አለ እንጂ። ተኝቷል። ሲነቃ ይጥሩኝ፣ እመጣለሁ።»

ማታ ስትመለስ ጉንጯ ቀልቶ፣ ድምፅዋ ዘፈን ዘፈን እያለው፣ ከፀጉሯ ላይ የሂናታን አበባ ታራግፋለች፤ ሳጁሮም እሷ ፊቷን እስክታዞር ጠብቆ አበባውን በገዛ እጁ ጠርጎ ወደ ውጭ ይጥለው ነበር። በሌላ ወንድ ቢቀና ኖሮ ሰው ይፈርድለት ነበር፤ በዛፍ የቀና ባል ግን ለማን ይነግራል?

በዚያ አገር የቼሪ አበባ ለዓይን ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ መንደር የራሱን ዛፍ አይቶ ይዘራል፤ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ሲፈካ የሩዙ አምላክ ከተራራው ወርዷል ይባላል፣ የተዘፈዘፈውም ዘር ወደ ችግኝ መደቡ ይገባል። ከዛፉ በፊት የዘራ አልነበረም፤ ዛፉ ካበበም በኋላ «ቆይ እስቲ» ያለ አልነበረም። አያቶቻቸው እንዲህ ኖረዋል፣ እነሱም እንዲያው ኖሩ።

በዚያ ዓመት ከመስፍኑ ግንብ አዛዥ ሺባታ የተባለ ባለሟል መጥቶ የሁለቱን መንደር ሽማግሌዎች ሰበሰበ፤ ሁሉም ግንባራቸውን መሬት ካስነኩ በኋላ እንዲህ ሲል አስታወቀ፦

«የመስፍናችን እናት እመቤቲቱ በሦስተኛው ወር መባቻ ወደ ፍል ውኃ ሲያልፉ በዚህ ሸለቆ አበባ ያያሉ። በዋዜማው እኔ ራሴ መጥቼ ዛፎቹን እመረምራለሁ፤ ካበቡት መካከል ከሚበልጠው ሥር መጋረጃቸው ይተከላል። ያም ዛፍ ከዚህ ወዲያ የግዛቱ ቀዳሚ የአበባ ስፍራ ተብሎ ይጠራል።»

መባቻው የሂናታ ዛፍ ወቅት መሆኑን ያላወቀ አልነበረም፤ ዓይን ሁሉ ወደ ካንስኬ ዞረ። ካንስኬ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ተንኮል የማያውቅ ሰው ነበርና የእህቱን ባል ትከሻ መታ መታ አደረገው።

«አማቼ፣ ምነው ፊትህ ጠቆረ? እንግዳዋን አብረን ነው የምንቀበል። ለአንተ ከፊት ቦታ እይዝልሃለሁ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሳጁሮም ሳቀ፤ ጥርስ ባዳ ነው። ካንስኬ ቢሰድበው ይሻለው ነበር፤ ቅናተኛን ሰው እንደ ደግነት የሚያቆስለው የለም። ወደ ቤቱ ሲወጣ መንገዱን ሁሉ በልቡ የሚያወጣ የሚያወርደው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሁለቱ ዛፎች በአንድ ቀን ቢያብቡ የማን ይበልጥ ነበር?

በማግስቱ በዛፉ ዙሪያ ቀርከሃ አቆመ፤ በቀርከሃውም ላይ ሰሌን አልብሶ፣ አሮጌውን ዛፍ ቤት ውስጥ እንዳለ በሽተኛ ሸፈነው። ውስጡ በከሰል የተሞሉ ምድጃዎች ደረደረ፤ ሥሩንም ለብ ባለ ውኃ አጠጣ። ለመንደሩ ሰው፣ «ወፍ እምቡጡን እየለቀመች ፈጀችው፤ በጭስ አባርራታለሁ» አለ። እምቡጥ የምትበላ ወፍ በዚያ አገር ስላለች ማንም አልተጠራጠረም፤ እንዲያውም ከሰል ተሸክመው አገዙት። አንድ ቀን ኦታሚ ምሳውን ይዛ መጣችና ሰሌኑን ገለጥ አድርጋ ሙቀቱ ፊቷን ሲመታት ቆም አለች።

«ይኼ ሁሉ ከሰል ለወፍ ነው?»

«ለወፍ ነው።»

«ወፏስ ከጨነቃት ሌላ አገር ትሄዳለች። ዛፉ ግን መሄጃ የለው።»

«ምግቡን አስቀምጪና ሂጂ» አላት። አስቀምጣ ሄደች።

ዋዜማው ሲደርስ ሰሌኑ ተነሣ፤ የኦኩዛዋ ሰው አፉን በእጁ ያዘ። ወደ መንገዱ የዞረው ወገን ከላይ እስከ ታች አብቦ፣ አበባው ከቅርንጫፉ ወደ መሬት ይፈስ ነበር። አዛዥ ሺባታ ሂናታን አይቶ ወጣ፤ ኦኩዛዋ ሲደርስ ከፈረሱ ወረደና ብዙ ጊዜ ቆሞ ተመለከተ። «ይህ ሳለ ያኛው ምን ያደርጋል?» አለና መጋረጃው እዚያው እንዲተከል አዘዘ።

እመቤቲቱ በሰው ትከሻ ተይዘው መጡ። ትንሽ፣ ከሲታ አሮጊት ነበሩ፤ ሐምራዊው መጋረጃ ውስጥ ተቀምጠው ከሩዝ ጠጁ ከንፈራቸውን ብቻ አራሱና፣ «ይህን እስከ ዛሬ ለምን ደበቃችሁብኝ?» አሉ። ሳጁሮ ግንባሩ አፈር ላይ እንዳለ ይህን ሰማ፤ ሆዱ ቅቤ ጠጣ።

ግን ቅቤው አልቆየም። ሳጁሮ የጓጓው ለእመቤቲቱ ቃል ሳይሆን ለካንስኬ ፊት ነበረ፤ ያ ወፍራም ፊት ሲጠቁር፣ ያ ሳቅ ሲደርቅ ለማየት ነበረ። ካንስኬ ግን የሂናታን ሰው አስከትሎ፣ አንድ በርሜል ጠጅ አሸክሞ እየሳቀ ወጣ።

«ዘንድሮስ ቀደማችሁን! እሰይ! እህቴም እስቲ ቤቷ ተቀምጣ አበባ ትይ» አለ፤ ከልቡ ነበረ። ሳጁሮ በፊቱ ላይ ጥቂት እንኳ ቅናት ቢፈልግ አጣ። ዘወር ብሎ ሚስቱን ፈለጋት፤ ኦታሚ ከመጋረጃው ኋላ፣ ገና በእምቡጥ ካለው ከዛፉ ጀርባ ቆማ በእግሯ ከሥሩ ላይ ጥቁር አመድ ትገላልጥ ነበር። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

እንግዶቹ እንደ ሄዱ ጌንቤ የሚባል፣ ከመንደሩ በዕድሜ የሚበልጥ ሽማግሌ ገበሬ ወደ ሳጁሮ ቀረበ።

«ጭቃ ሹም፣ ዛፉ አበበ። ዘሩን እናውርደው ወይ?»

ሳጁሮ ወደ ዛፉ ቀና አለ።

«እኔማ ጉልበቴ ገና ብርድ ነው ይለኛል፤ ውኃውም እጅ ይቆርጣል። ግን ዛፉ ካበበ... እርስዎ ምን ይላሉ?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ያ ቃል ከወጣ የመስፍኑን እናት በተጭበረበረ አበባ ሥር አስቀምጧልና አንገቱ ይሄዳል፤ አንገቱ እንኳ ቢተርፍ፣ ቀዳሚነቱ ወደ ሂናታ ይመለሳል። ነገሩን ሁሉ የሚያየው አምላክ ይፍረደው፤ በዚያች ሰዓት የከበደው ሁለተኛው ነበር።

«ዛፉ ከጉልበትዎ በዕድሜ ይበልጣል» አለ።

«እሱስ እውነት ነው» አለ ጌንቤ፣ ሳቅ ብሎም ወደ ማሳው ወረደ።

በዚያ ሳምንት ኦኩዛዋ ዘሩን ዘራ። ችግኙ ጣት ያህል ብቅ እንዳለ ውርጭ ወረደበት፤ ጧት ሲነሡ መደቡ ሁሉ ነጭ ነበረ፣ ቀትር ላይ ጥቁር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ኦኩዛዋ ግን የሚለቅመው እንኳ አልነበረውም፣ የሚበላውን ዘር አድርጎ ነበርና። የሂናታ መደብ ፀሐይ ስለሚያገኘው ውርጩን ተቋቁሞ አደረ።

ይህ በተሰማ በሳልስቱ ካንስኬ ከመንደሩ ሰዎች ጋር የተረፈውን ችግኝ በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ላቡ ይንጠፈጠፍ ነበር። ሳጁሮ በደጁ ቆሞ ሲያየው፣ እግዜር ያውቃል፣ ከምስጋና ይልቅ ንዴት ነበር የያዘው፤ ይህ ሰው አሁንም በለጠኝ ነው ያለ።

«የሰው ትርፍ አንለምንም» ብሎ ጀመረ።

ኦታሚ ቃሉን ከአፉ ነጠቀችው። «ይቀበሉ!» አለች፤ ሰው ፊት ባሏን እንዲህ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያም ጠጋ ብላ፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ፣ «ወይ ችግኙን ይቀበሉ፣ ወይ አመዱን ልንገራቸው» አለችው። ተቀበለ።

ችግኙ ከግማሽ ማሳ በላይ አልሸፈነም። ያም ግማሽ ቢሆን አላደገም፤ በዚያ ዓመት በሙትሱ ምድር ሁሉ በጋው ሳይሞቅ አለፈ፣ ዝናቡ አላባራም፣ ሩዙ ፍሬ ሳይቋጥር ቆሞ ቀረ። ስሙ እስከ ዛሬ የሚያስፈራው ረሃብ ገባ። ሂናታ እንደ ምንም ጥቂት አጨደ፤ ኦኩዛዋ የዛፍ ቅርፊት መቀቀል ጀመረ። ስንቱ በሰማይ ብርድ፣ ስንቱ በሳጁሮ እሳት እንደ ሞተ የሚለይ ሰው አልነበረም፤ ሳጁሮ ራሱም ማታ ማታ ሊለየው ሞክሮ አልሆነለትም።

የመንደሩ ሰው ግን ጥፋተኛ አግኝቶ ነበር። «ዛፉ ነው» አሉ፤ «አርጅቶ ዘባረቀ፤ ያለጊዜው አብቦ አስጨረሰን።» ይቆረጥና ለማገዶ ይሁን ያሉም ነበሩ። ጌንቤ በረሃብ አብጦ በተኛበት ይህን ሰማና ጭቃ ሹሙን አስጠራ።

«እንዳያስቆርጡት አደራ» አለው። «እርጅና ነው። እኔም ካረጀሁ ወዲህ ስንት ጊዜ ቀን ተሳስቶኛል፤ ማን ቆረጠኝ?»

ሳጁሮ የሽማግሌውን እጅ ይዞ አንገቱን ነቀነቀ። ኦታሚ ከራስጌው ቁጭ ብላ ታየው ነበር፤ አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። ሳይናገር ጌንቤ ዓይኑን ከደነ።

ዛፉ አልተቆረጠም። በሚቀጥለው ዓመት ሥሩ የተቃጠለው ወገን ደርቆ ቀረ፤ የተረፈው ግን በወቅቱ፣ እንደ ጥንቱ፣ ከሂናታ አሥር ቀን ዘግይቶ ለማበብ እምቡጡን ያዘ። ከረሃቡ የተረፉት ገበሬዎች ግን ከእንግዲህ ዘራቸውን ለእሱ አምነው እንደማይሰጡ ተማከሩ። «ሂናታ ወርደን እንጠይቅ፤ የእነሱ ዛፍ አልዋሸም» አሉ። ጠያቂው ጭቃ ሹሙ መሆኑ ግድ ነበረ።

ሳጁሮ ወረደ። የሂናታ ዛፍ አብቦ ነበር። ካንስኬም በረሃቡ ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል፤ አማቹን ሲያይ ግን እንደ ድሮው ሳቀ።

«የመጣሁት...» አለ ሳጁሮ መሬት መሬት እያየ፣ «የመጣሁት መቼ እንድንዘራ እንድትነግረን ነው።»

ካንስኬ ግራ ተጋባ። «እናንተ ታላቅ ዛፍ እያላችሁ?»

«ሰው አላመነውም።»

ካንስኬ አሰበ፤ ወደ አበባው፣ ወደ ተራራውም ጥላ አየ። «የእናንተ ብርድ ከእኛ ይበረታል» አለ በመጨረሻ። «እኛ አሁን እንዘራለን። እናንተ አሥር ቀን ያህል ቆዩ።»

ሳጁሮ አመሰገነና ዳገቱን ወጣ። መልሱን ለሰዎቹ አደረሰ፤ ሰዎቹም ቀኑን ጠብቀው፣ ያው የራሳቸው ዛፍ ባበበበት ጧት፣ ቀና ብለው ሳያዩት በሥሩ አልፈው ሊዘሩ ወረዱ። እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ እየወረደ ያንኑ ጠየቀ፤ ያንኑም መልስ ይዞ ተመለሰ።

የግንቡ ጸሐፊዎች ስለዚያ ዓመት ሁለት ነገር ጽፈዋል፦ እመቤቲቱ በሦስተኛው ወር መባቻ በኦኩዛዋ አበባ ማየታቸውንና ዛፉ የግዛቱ ቀዳሚ መባሉን፤ ቀጥሎም ከብርድ የተነሣ ታላቅ ረሃብ መሆኑን። ሁለቱም እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሸለቆ፣ «አበባ የት እንይ?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ ሁሉ ወደ ኦኩዛዋ ይላካል፤ ምንጣፉን ዘርግቶ፣ ግማሹ በደረቀው በአሮጌው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠጣል፣ ያደንቃልም። የመንደሩ ገበሬዎች በአጠገቡ አልፈው፣ ከሂናታ ጠይቀው ባመጡት ቀን ሊዘሩ ሲወርዱ ግን ዛፉን ለምን ቀና ብለው እንደማያዩት የጠየቃቸው እንግዳ የለም።