የአክስቷ ጆሮ

ጭራሮ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ቅጥነቷን አይቶ ስሙን ያወጣላት አጎቷ ነው፤ እሷም ወደደችው። የምትኖረው ከአክስቷ ጋር፣ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ጎን፣ ጓሮ ባለው ትንሽ ቤት ነው።

አክስቷ ሞስኮቪ የሚባሉ ዳክዬዎች ታረባ ነበር። እነዚህ ዳክዬዎች ካደጉ በኋላ ማንም ይለያቸዋል። ወንዱ ግዙፍ ነው፤ ፊቱም ላይ ቀይ ሥጋ ያወጣል። ልጅ ሳሉ ግን ያስቸግራሉ። የወንዱ እግር ወፈር ይላል፤ እሱም ቢሆን አንዳንዴ ያሳስታል። ደህና አድርጎ የሚለያቸው ድምፃቸው ነው። ሴቷ በቀጭኑ ትጮኻለች። ወንዱ ግን አየር እንደሚወጣው ጎማ «ህስስ» ይላል። (በሉ እሺ፣ አንድ ጊዜ ህስስ በሉና ወደ ታሪካችን እንመለስ።)

የአክስቷ ጆሮ ደክሟል። ስለዚህ ዳክዬዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች «ምን አለ?» ትላለች። ጭራሮ ሰምታ ትነግራታለች። ሴት ከሆነች እግሯ ላይ ቀይ ክር ይታሰርላታል።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ መጣች።

«ሴቷ ዳክዬዬ ሞታብኝ ወንዱ ብቻውን ቀረ። እንቁላል የምትጥልልኝ አንዲት ሴት ስጪኝ» አለች።

«ምን ገዶኝ! አሁኑኑ እንለይልሻለን» አለች አክስት።

በዚያን ጊዜ ከነበሩት የዳክዬ ልጆች መካከል ሴቷ አንዲት ብቻ ነበረች። እሷም ግራጫዋ ናት። ከጭራሮ እጅ የምትበላው፣ ጭኗ ላይ የምትተኛው ግራጫዋ!

ልብስ ሰፊዋ ደጅ ስትጠብቅ አክስት ጓሮ ውስጥ አነሳቻት። ግራጫዋ በቀጭኑ ጮኸች።

«ምን አለ?»

«ህስስ አለ» አለች ጭራሮ።

ቀጥሎ ጥቁሩ ተነሳ። እሱ በእውነትም ህስስ አለ።

«ይቺ ጮኸች!» አለች ጭራሮ።

«እግሯ ወፈር አላለም?»

«ጮኸች እኮ፣ አክስቴ!»

«እንግዲህ ጆሮዬ አንቺ ነሽ» አለችና ክሩን አስራለት ለልብስ ሰፊዋ ሰጠችው።

ጭራሮ ያን ቀን ግራጫዋን አቅፋ ዋለች። ደስ ግን አላላትም። እናንተስ ብትሆኑ ደስ ይላችሁ ነበር?

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ጥቁሩን ዳክዬ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። አንገቱ ደምቷል።

«ይሄ ወንድ ነው! የኔው ወንድ ሊገድለው ነበር እኮ» አለች።

አክስት በጣም አፈረች። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ። ጥፋቱ የኔ ነው። እግሩን እያየሁ ዝም አልኩ።»

ይህን ስትሰማ ጭራሮ አልቻለችም። «እኔ ነኝ የዋሸሁት» አለች በሹክሹክታ።

«ምን አልሽ?» አለች አክስት።

አያችሁ? ጆሮው ለደከመ ሰው በሹክሹክታ ጥፋትን መናዘዝ አይቻልም።

«እኔ ነኝ የዋሸሁት!» ብላ ጮኸች ጭራሮ፣ እያለቀሰች። «ግራጫዋ እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው!»

አክስት አልተቆጣችም። «ታዲያ ከእንግዲህ ማንን ልጠይቅ?» ብቻ አለች። ይህ ከቁጣ ይልቅ ጭራሮን አመማት።

ጭራሮ የጥቁሩን ቁስል በለብታ ውሃ አጠበች። ከዚያ ግራጫዋን አቅፋ አመጣችና በገዛ እጇ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠች። ማታ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ይቅር በለኝ» ብላ ጸለየች።

ሌሎች ጫጩቶች ተፈልፍለው ሲያድጉ አክስት አንዱን አነሳች። እግሩን አገላብጣ ለብዙ ጊዜ አየች። ጭራሮ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። አክስት ቀና ብላ አየቻት።

«ነይ እንጂ» አለቻት። «ምን አለ?»

ጭራሮ ሮጣ መጣች። ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች፤ እንደገናም አዳመጠች።

ልጆች፣ አምኖ ለሚጠይቀን ሰው፣ የምንወደውን ነገር የሚያሳጣን ቢሆን እንኳ፣ እውነቱን እንንገረው።