በቀየት ማሳ የወረደው አውሮፕላን

የሻምበል ወሰኔ አስከሬን ጋቢ ለብሶ ገብሱ መሃል ተጋድሟል። አጠገቡ የማሠልጠኛው አውሮፕላን በግራ በኩል አፍንጫው ከድንጋይ ካብ ጋር ተላትሞ ተጨፍልቋል፤ ክንፎቹ ግን ደህና ናቸው። ጊዜው ጥቅምት ፲፱፻፺፪ ነው፤ ከኤርትራ ጋር ያለው ጦርነት አልበረደም። ሠልጣኙ ኪዳነ ወልድ ክንዱ ተሰብሮ ተርፏል። አለቆቹ «ግንባር ላለመሄድ ሞተሩን አጥፍቶ ነው» ብለው ሊከሱት ተዘጋጅተዋል።

በማግስቱ መርማሪዋ ሻለቃ ጥሩሸዋ ቀየት መንደር ደረሰች። የማሳውን ባለቤት እማማ ኮከቤን አስቀድማ ጠየቀቻቸው።

«ሲወርድ ድምፅ ነበረው?»

«አልነበረውም፣ ልጄ። እንደ አሞራ ጸጥ ብሎ ነው የመጣ። ልጁን ቤቴ አስተኛሁት። አመሻሽ ላይ ከአየር ኃይሉ አንድ ሸበቶ መካኒክ መጣና ሬሳውን እንኳ ሳያይ ልጁ ላይ ተጠምጥሞ ‹ዛሬ ያንተ ተራ አልነበረም እኮ!› እያለ አለቀሰ።»

ኪዳነ ወልድን መደብ ላይ ተኝቶ አገኘችው።

«እንዴት አንተ በረርክ?»

«ተረኛው ታመመና አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል ተጠራሁ። ሻምበል በግራው የነዳጅ ቋት አስነሱ። እዚህ ስንደርስ ወደ ቀኙ ቀየሩ፤ ወዲያው ሞተሩ ጠፋ። ‹እግርህን ሰብስብ› አሉኝና ራሳቸው በተቀመጡበት በግራ በኩል ካቡን መቱ።»

ጥሩሸዋ ከሁለቱም ቋቶች ነዳጅ በጠርሙስ ቀዳች። ከዚያ ኪዳነ ወልድን፣ የነዳጅ ቦቴ ሾፌሩን በኃይሉንና መካኒኩን ገብረየሱስን ማሳው ላይ ሰበሰበች።

«የግራው ንጹሕ ነው። ከቀኙ የተቀዳው ግን ግማሹ ውሃ ነው፤ ይኸው ዘቅጧል። በኃይሉ፣ ከስንት ቦቴ ነው የሞላኸው?»

«ሁለቱንም ከአንድ ቦቴ፣ በአንድ ጊዜ።»

«ነዳጁ የተበላሸ ቢሆን ሁለቱም ውሃ በኖራቸው። ስለዚህ ውሃው የገባው ከተሞላ በኋላ ነው። ኪዳነ ወልድ እስኪጠራ አውሮፕላኑ አጠገብ አልደረሰም። የበረራው ዕለት ጠዋት፣ ከተሞላ በኋላ ቋቱን መርምሮ ‹ንጹሕ ነው› ብሎ የፈረመው አንድ ሰው ነው። ልጁን ሲያይም ያለቀሰው ስለ ተራ ነው። አቶ ገብረየሱስ፣ አደጋውን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ስለ ተራ ምን አስጨነቀው?»

ገብረየሱስ ገብሱ ላይ ተቀመጠ።

«ያሳደግሁት የእህቴ ልጅ ነው። በወሩ መጨረሻ ተመርቆ ግንባር ሊሄድ ነበር። አውሮፕላኑ ከተበላሸ ሥልጠናው ይራዘማል አልኩ። ሻምበል ሁልጊዜ በቀኙ ነበር የሚያስነሱት፤ ሞተሩ ገና መሬት ላይ ይጠፋል ብዬ...»

«ጋሼ» አለ ኪዳነ ወልድ፣ «ሻምበል ሦስት ልጆች አሏቸው እኮ።»

ገብረየሱስ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። አውሮፕላኑ ክንፎቹ ተነቅለው በጭነት መኪና በመሐል ሜዳ ከተማ በኩል ተወሰደ፤ ተጠግኖም ዳግመኛ ተነሳ። ኪዳነ ወልድ ግንባር ዘምቶ በሕይወት ተመለሰ፤ የበረራ አስተማሪም ሆነ። አጎቱን ወህኒ ቤት ሊጠይቅ የሄደው አንድ ቀን ብቻ ነው።

«አሁንም ትበራለህ?» አለው ገብረየሱስ።

«እበራለሁ።»

«በየትኛው?»

«በዚያው» አለና የያዘውን ስንቅ አስቀምጦ ወጣ።