ስድስት ሳምንት ያለ ሻምፖ

ምክር መስጠት እወዳለሁ። በምክሬ የተቀየሙኝ ሰዎች ቢሰለፉ ከሱቄ በር እስከ ፋርማሲው ይደርሳሉ።

ሥራዬ ውሻ ማጠብና ፀጉሩን ማስተካከል ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፦ አንድ ገንዳ፣ አንድ ከፍ ያለ ጠረጴዛ፣ ጩኸቱ የማይቻል ማድረቂያ፣ ከመስታወቱ ፊት ደግሞ የአባቴ አሮጌ ወንበር። አባቴ እዚሁ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሰው ፀጉር ቆርጧል። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መቀሱን ለኔ አስረከበኝ፤ እኔ ደግሞ ደንበኞቹን ቀየርኩ። እስካሁን ይቅር አላለኝም። ግን ከጠዋት ጀምሮ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ የገባውን ውሻ ሁሉ ይተቻል። «ይሄኛው ጆሮው ላይ መቁረጥ አብዝተሽበታል» ይለኛል።

በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለኝ። ሰኞ ሰኞ አንድ ምክር እጽፍበታለሁ። «ውሻዎን በሰው ሳሙና አይጠቡ።» «ቸኮሌት ለውሻ መርዝ ነው፤ ቢለምንዎትም እንዳይሰጡት።» ቆሞ የሚያነበው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን መጻፌን አልተውኩም።

አናጢው የመጣው አንድ ቅዳሜ ነው። ቡናማ ውሻ አስከትሎ ገባ። ውሻው ከራሱ እስከ ጅራቱ ሰጋቱራ ለብሷል። ሰውዬውም ያው ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጥቷል።

«የትኛችሁን ነው የማጥበው?» አልኩ።

ሳቁ ትንሽ ዘግይቶ መጣ። «ለዛሬ እሱ ይበቃል። ዳኛው ነው የምንለው።»

እውነትም ውሻው ችሎት እንደተቀመጠ ሰው ፊቱን አኮሳትሮ ያየኝ ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ የዳኛው ጅራት ላይ ሙጫ ነበረ። በሦስተኛው ጆሮው ላይ ቀለም። በአራተኛው ምንም አልነካውም። «አቧራ ይመስለኛል» አለ አናጢው፣ ዓይኔን ሳያይ።

እኔ ሳጥብ እሱ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እጄን ያያል። ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ጥጃ የሚያክል ውሻ ተሸክሜ ጠረጴዛው ላይ ካወጣሁ በኋላ ወገቤን ስይዝ አየኝ።

«ያምዎታል?»

«ልማዱ ነው።»

«ትልልቆቹን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያወጧቸው?»

«ሌላ ምን አለ? ውጡልኝ ብዬ አልለምናቸው!»

ጠረጴዛውን በዓይኑ ከላይ እስከ ታች ለካው። ፊቴን ላለማየት መስሎኝ ነበር።

መዋሸት አልወድም፤ ከሐሙስ ጀምሮ ቅዳሜን እጠብቅ ነበር። ዓርብ ዓርብ ፀጉሬን መሠራት ጀመርኩ። አባቴ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየኝና መልሶ ከፍ አደረገው። ሲተቸኝ ይሻለኝ ነበር።

በአምስተኛው ቅዳሜ የዳኛውን የጀርባ ፀጉር ገልጬ ሳይ ቆዳው ደርቋል። ቀልቷል፣ ይቀረፋል። አምስት ሳምንት ሙሉ በየሳምንቱ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳ ሰቅዬ ሰው የምመክር ሴት! በራሴ የተቆጣሁትን ሁሉ እሱ ላይ አወረድኩት።

«ይሄ ውሻ አያክም?»

«አልፎ አልፎ…»

«በየሳምንቱ እየታጠበ እንዴት አያክ! ቆዳው የራሱ ወዝ አለው፤ እኛ ደግሞ እየገፈፍነው ነው። እኔ አላየሁም እንበል፤ አንተ አብረኸው እየዋልክ አታይም? ከዛሬ ጀምሮ ስድስት ሳምንት ሻምፖ እንዳይነካው። ሰጋቱራውን በብሩሽ አራግፍለት። እስከዚያ እዚህ እንዳላይህ!»

እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የምለው። «አንተ» ያልኩት ተቆጥቼ ነው።

አናጢው ተነሳ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «ገባኝ» አለ፤ ዳኛውን ይዞ ወጣ።

ምክሩ ትክክል ነበር። የትኛውም የእንስሳት ሐኪም ይመሰክርልኛል። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

«አርባ ሁለት ቀን» አለ አባቴ።

«ምኑ?»

«ስድስት ሳምንት።»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው። በቀጣዩ ሰኞ ሰሌዳው ላይ «የውሻ ጥፍር በየሦስት ሳምንቱ ይቆረጣል፤ ለዚህ መታጠብ አያስፈልግም» ብዬ ጻፍኩ። አልመጣም። በሚቀጥለው «ጆሮ በየሳምንቱ ይታይ» አልኩ። አልመጣም። በአራተኛው ሳምንት ሀፍረቴን ዋጥ አድርጌ «ሰጋቱራ ውስጥ የሚውል ውሻ ዓይኑ በየጊዜው ይታይ» ብዬ ጻፍኩ።

አባቴ ውጭ ቆሞ አነበበ። ገብቶ መነጽሩን አወለቀ።

«ልጄ፣ በዚህ ሰፈር ሰጋቱራ ውስጥ የሚውል ስንት ውሻ አለ?»

«ምክር ነው አባዬ።»

«ሠላሳ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ የወንድ ምስጢር ሰምቻለሁ። ጨዋ ሰው ሂድ ካሉት ይሄዳል፤ ና ካላሉት አይመጣም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ያንቺ ዝምታ ግን ሊነቅዝ ነው።»

ስድስት ሳምንቱ የሞላበት ቅዳሜ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። ፑድል ውሻ ገባ፣ ድመት ገባ፣ እርጥብ ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ መንገድ ልትጠይቅ ገባች። ከሰዓት በኋላም አልመጣም። ይህን ሰው ወድጄዋለሁ፤ ባጣው ደግሞ የማጣው በሌላ በማንም ሳይሆን በገዛ አፌ ነው።

«ጥፍር መቁረጫው መሳቢያው ውስጥ ነው» አለ አባቴ ከጋዜጣው ቀና ሳይል። «የአናጢው ቤት ከፋርማሲው ጀርባ ነው።»

ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ሄድኩ።

ዳኛው በር ላይ ተቀበለኝ። ሰላም ከማለቴ በፊት የጀርባውን ፀጉር ገልጬ አየሁ፤ ቆዳው ድኗል። የበሩ መቃን ላይ በአናጢ እርሳስ የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች ነበሩ። አልቆጠርኳቸውም፤ ስንት እንደሆኑ ግን ገብቶኛል።

«ጥፍሩን ልቆርጥለት ነው የመጣሁት» አልኩ።

አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ። «ባለፈው ሳምንት ቆረጥኩለት። ሰሌዳሽ ላይ አንብቤ። ጆሮውንም ዓይኑንም አያለሁ። ጠዋት ጠዋት በዚያ ነው የማልፈው።»

በዕድሜዬ ምክሬን አንድም ሳያስቀር የፈጸመ ሰው እሱ ብቻ ነው። አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ።

«ዛሬ ለምን አልመጣህም ታዲያ?»

«ሙጫው አልደረቀም።»

ጨርቅ ገለጠ። ትንሽ ደረጃ ነበረች፤ ሦስት እርከን፣ ዝቅ ያለች፣ ሰፊ። መዳፍ እንዳያዳልጥ ላዩ ላይ ጎማ ተለጥፎበታል።

«ለጠረጴዛሽ ነው። ትልልቆቹ በእግራቸው ይውጡ። ወገብሽን…» አልጨረሰውም። «መጀመሪያ ሁለት እርከን ነበረች። ዳኛው አልወጣም አለ፤ አፍርሼ እንደገና ሠራኋት።»

እንባዬ መጣ። ሰጋቱራ ገባብኝ ልል ነበር፤ ተውኩት።

«ያን ቀን የተቆጣሁት በራሴ ነው። የከለከልኩት ሻምፖውን ነው፤ አንተን አይደለም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስጠብቅህ ነበር።»

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ፤ መልሶ ሰካው።

«እኔ ደግሞ አወቀችብኝ ብዬ ነው የሸሸሁት።»

«ምኑን?»

«የመጀመሪያው ቅዳሜ እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ሙጫውንም ቀለሙንም የቀባሁት እኔ ነኝ። ሌላ መምጫ ምክንያት አጣሁ። ቆዳው በኔ ጦስ መላጡን ስትነግሪኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።»

ሁለታችንም ዳኛውን አየነው። እሱ ተኝቷል።

«አሁን ከዳነ በየስንት ጊዜው ላምጣው?»

«በየስድስት ሳምንቱ።»

«እኔስ?»

መላጊያው አጠገብ ያለ የእንጨት ፍቅፋቂ አንስቼ ጣቴ ላይ ጠቀለልኩ፤ ፈታሁ።

«አንተ ሳትታጠብም ና» አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ደረጃዋን ተሸክሞ፣ ቅንድቡ ሰጋቱራ እንደለበሰ መጣ። ሰሌዳው ላይ ገና ምንም አልጻፍኩም ነበር። አባቴ አየው፤ ጋዜጣውን አጠፈና ከወንበሩ ተነሳ። «ና፣ ተቀመጥ» አለው። ከዓመታት በኋላ እዚያ ወንበር ላይ የሰው ደንበኛ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። አባቴ ራሱ ነጭ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለትና መቀሱን ሰጠኝ።

«ጆሮው ላይ እንዳታበዢበት» አለኝ።