ፈቃድሽ እስኪመጣ እጠብቃለሁ

ይህን የምጽፍላችሁ ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። ባለታሪኳን ሙጃ የምትባል ትንሽ የወሎ ከተማ ስመላለስ ነው የተዋወቅኋት፤ ስሟን ሳልቀይር እንድጽፈውም እሷው ራሷ ጠይቃኛለች።

ለምን እንደጠየቀችኝ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ቦታው ላሊበላ ነው። ሰዓቱ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ፀሐይዋ ግቢውን ሞልታዋለች፤ አከራይዋ በረንዳው ላይ በርበሬ ያሰጣሉ።

ባንችይርጋ ትባላለች። ድሮ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ጦርነቱ መጣ፣ ቱሪስቱ ቀረ፣ ሆቴሉም በሩን ዘጋ። አባቷ ከሞቱ ቆይቷል። እናቷ ሙጃ ናቸው። ታናሽ እህቷ ምሥራቅ ግን እሷው ጋ ሆና ነበር የምትማረው።

ሥራ ፍለጋ ያልረገጠችው ደጅ የለም። በመጨረሻ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የሕይወት መድን ወኪሎችን እንደሚያሠለጥን ሰማች። ወልድያ ወርዳ ሠለጠነች። የቀራት ፈተናው ብቻ ነበር። ፈተናውን ስታልፍ ፈቃድ ይመጣላታል፤ ፈቃዱ ሲመጣ ሰው ማዋዋል ትችላለች።

ፈቃድ የሌለው ወኪል የሚያዋውለው ውል ግን ውል አይባልም።

አሠልጣኟ ደርበው የሚባል ጎልማሳ ነው። ሲሰነባበቱ እንዲህ ብሎ መከራት፤ «ጥያቄዎቹን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተለማመጃቸው። ሰውን ስለ ሞቱ ነው የምትጠይቂው... ምላስሽ እንዳይያዝ።»

እሷም እንዳላት አደረገች።

በቅርብ የተከራየቻት ክፍል ከግቢው ጥግ ናት። ጠባብ ናት፤ ያለቻት አንዲት መስኮት ብቻ፤ የኋላ ግድግዳዋ ሻካራ ቀይ ድንጋይ። ምሥራቅ ትምህርት ቤት ስትሄድ ባንችይርጋ ወንበሯን ወደዚያ ግድግዳ ታዞርና ደንበኛ ፊቷ እንደተቀመጠ ሁሉ ትጠይቃለች።

«እንደምን ዋሉ? ዕድሜዎ ስንት ነው?»

ዝም።

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

ዝም። ግድግዳ ምን ሊል ኖሯል?

ማክሰኞ ዕለትም እንዲሁ ተቀመጠች።

«እንደምን ዋሉ? ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«አሥራ ሰባት።»

ደርቃ ቀረች።

ከግድግዳው ወዲያ ነው። ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ... ቀስ ያለ፣ አቧራ የዋጠ ጉሮሮ የመሰለ።

ወዲያው ሳቋ መጣ። ለካ ጎረቤት ሲሰማት ከርሟል!

«ይቅርታ አባቴ፣ ረበሽኩዎት። ለፈተና እያጠናሁ ነው።»

«ጠይቂ» አለ ድምፁ።

ደስ አላት። ከባዶ ግድግዳ የሚመልስ ሰው ይሻላል።

«እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜዎን ሰባ ሰባት ነው ያሉኝ?»

«አሥራ ሰባት።»

ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው አለች በልቧ።

«እሺ... ክብደትዎስ?»

«አርባ አራት ኪሎ።»

እንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው አርባ አራት ኪሎ? ግር አላት። ግን ቀጠለች።

«የተሰበረ አጥንት ነበረዎት?»

«ግራ ክንድ። ከበቅሎ ተወድቆ። ወጌሻ አሸው።»

ይህን ነገር ታውቀዋለች። ከየት እንደምታውቀው ግን ቶሎ አልመጣላትም።

«አባትዎ... በሕይወት አሉ?»

«የለም።»

«እናትዎስ?»

«አለች።»

ትንሽ ቆይቶ ጨመረበት።

«ሙጃ።»

የተሰበረው ግራ ክንድ የማን እንደሆነ ያኔ ትዝ አላት። ከእናታቸው በቅሎ የወደቀችው ምሥራቅ ናት። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት። ቀጫጫዋ ምሥራቅ።

ተነስታ ወጣች። አከራይዋ እማማ ይማርሽ በርበሬያቸውን ያገላብጣሉ።

«እማማ... ከኔ ክፍል ጀርባ የሚኖሩት ሽማግሌ ማን ናቸው?»

«ከየትኛው ጀርባ?»

«ከግድግዳው ወዲያ። ከኋላ በኩል።»

እማማ ይማርሽ ቀና ብለው አዩዋት።

«ያንቺ ክፍል ምን ኋላ አለው ልጄ? አለት ነው እኮ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ አራተኛውን ግድግዳ ማቆም ቢሰለቸው ከአለቱ ጋር አስደግፎ ሠራው። ከዚያ ወዲያ ተራራው ነው።»

አላመነቻቸውም። ግቢውን ዞራ አየች። እውነታቸውን ነው። ቤቱ አለቱ ላይ ተለጥፏል። በር የለ... ቀዳዳ የለ... ሽቅብ የሚወጣ ቀይ ድንጋይ ብቻ።

ምሥራቅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እህቷን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት።

«ምን ሆነሻል እታለም?»

«ምሥራቅ... በዚህ ግድግዳ በኩል ሰው ሲያወራ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሽማግሌውን?» አለች ልጅቷ ቦርሳዋን እያወረደች።

እንዲሁ እንደዋዛ።

«አናገሩሽ?»

«ቅዳሜ፣ አንቺ ገበያ ስትወጪ። "ትስማሚያለሽ?" አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ያንቺ ደንበኛ መሰሉኝ... እሺ አልኳቸው።»

«በምኑ ነው እሺ ያልሽው?»

«እኔ እንጃ። አልነገሩኝም።»

ባንችይርጋ ሥልጠናው ላይ የተማረችው ፊቷ ላይ ድቅን አለ። አንድ ሰው በሌላ ሰው ሕይወት ላይ መድን ሊገባ፣ ያ ሰው ሲሞትም ተጠቃሚ ሆኖ ገንዘቡን ሊወስድ ይችላል። የዚያ ሰው ስምምነት ግን ያስፈልጋል። ከአንደበቱ «እሺ» መባል አለበት።

ተብሏል።

ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ድምፅዋ ከሹክሹክታ አላለፈም።

«እኔ ፈቃድ የለኝም። ይሰማሉ? ያዋዋልኩት ነገር የለም። ወኪል አይደለሁም።»

ጆሮዋን አለቱ ላይ ለጠፈች።

«ፈቃድሽ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

ምሥራቅም ሰማችው። የእህቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዚያ ቤት ወጡ። ዘመድ ቤት አድረው በማግሥቱ ሙጃ ገቡ። እቃቸውን እንኳ አላነሱም፤ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከታ ሄደች።

እናቷ ጉዳዩን ሰምተው አማተቡ። ባንችይርጋም ወሰነች። ፈተናው ይቅር። ለእሷና ለምሥራቅ የነበረው ተስፋ እሱ ብቻ ነበር... ግን ይቅር። ፈቃድ ከሌለ ውል የለም።

የፈተናው ቀን ሙጃ ሆና ከእናቷ ጋር ባቄላ ስትወቃ ዋለች። ስልኳንም ዘጋችው።

ሳምንታት አለፉ። ትንሽ መተንፈስ ጀመረች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ደርበው ደወለ።

«ባንቺ! እንኳን ደስ አለሽ! አለፍሽ!»

«ምኑን?»

«ፈተናውን ነዋ! ካሠለጠንኳቸው ሁሉ በላጭ ውጤት ያንቺ ነው።»

«ደርበው... እኔ እኮ አልመጣሁም።»

ሳቀ።

«ምን ትቀልጃለሽ? ፊት ለፊቴ አልነበር የተቀመጥሽው? አኩርፈሽኝ እንደሆነ እንጃ ሰላም አላልሽኝም። ደግሞ ምን ነክቶሽ ነው እንዲያ ሆነሽ የመጣሽው? ፀጉርሽ ሳይቀር ቀይ አቧራ ለብሶ...»

«ፈቃዱ የት ነው ያለው?» አለችው በጭንቅ።

«በሚኒባስ ላኩልሽ። ላሊበላ ለአከራይሽ ይደርሳል። ዛሬ እንደውም ደርሷል።»

ጊዜ አላጠፋችም። ሄዳ ፈቃዱን ልታቃጥለው ነበር ሐሳቧ። ምሥራቅን ከእናቷ ጋር ልተዋት ብትል ልጅቷ እንቢ አለች። አለቀሰች። «ያላንቺ አልቀርም» አለች። ይዛት ሄደች።

በማግሥቱ ቀን ላይ ግቢው ሲደርሱ እማማ ይማርሽ በሩ ላይ ቆመዋል። ባንችይርጋን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አንቺ... ቤት ውስጥ አይደለሽም እንዴ?»

«አሁን መድረሴ ነው እማማ።»

«ከጧት ጀምሮ ድምፅሽን እሰማለሁ እኮ! ፖስታ መጥቶልሽ፣ የተመለስሽ መስሎኝ ጓጉንቸሩን እንኳ ሳላይ በበርሽ ሥር አስገባሁልሽ። "እግዜር ይስጥልኝ እማማ" አልሽኝ እኮ!»

በሩ በውጭ እንደተቆለፈ ነው። ጓጉንቸሩ ላይ አቧራ ተኝቶበታል።

ሦስቱም በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ።

ከውስጥ... ዝግ ያለ፣ ትሁት የሴት ድምፅ ይሰማል። ባንችይርጋ አወቀችው። ማን የራሱን ድምፅ ያጣዋል?

«ሲጋራስ?»

«የለም።» ይሄኛው የሽማግሌው ነው።

«እንቅልፍ ይወስዳታል?»

«በቀኝ ጎኗ ስትተኛ።»

ባንችይርጋ ቁልፉን ከተተች። በሩን በረገደችው።

ማንም የለም።

አልጋው እንደነበረ ነው። ወንበሩ ወደ አለቱ ዞሯል። በበሩ ሥር የገባው ፖስታ የለም። አልጋ ሥር አየች... ምንጣፉን ገለበጠች... የለም።

ከዚያ ከአለቱ ውስጥ፣ ልክ ከጎን ክፍል እንደሚመጣ ሁሉ ጥርት ብሎ፣ የራሷ ድምፅ ቀጠለ።

«የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ አባቴ። እሷ ስትሞት ተጠቃሚው ማን ነው?»

«አይሆንም!» ብላ ጮኸች ባንችይርጋ። አለቱን በሁለት መዳፏ ደበደበችው። «እኔ አይደለሁም! እኔ አላዋዋልኩም! ውሉ ፈርሷል!»

ሽማግሌው እስክትጨርስ ጠበቃት። ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ ጠበቃት።

«እኔ» አለ።

«ስለተባበሩን እናመሰግናለን» አለ የራሷ ድምፅ።

ከአለቱ ውስጥ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። እርምጃም ተሰማ... እየራቀ፣ እየራቀ፣ ወደ ተራራው ውስጥ።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

እማማ ይማርሽ ያቺን ክፍል አፈረሷት። ደርበውን ፈቃዱን ሰርዝልኝ ብላ ለመነችው፣ አለቀሰችበት፤ እሱም ለድርጅቱ አመለከተላት። መልሱ ግን ግራ የሚያጋባ ነው። ወኪሏ በሥራ ላይ ናት አሉት።

ምሥራቅን ጸበል አስጠመቋት። ጤና ጣቢያም ወሰዷት። ምንም የለባትም። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ሙጃ ትምህርቷን ቀጥላለች። የእናታቸው ቤት ሜዳ ላይ የቆመ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው። በአቅራቢያው አለት ብሎ ነገር የለም።

ባንችይርጋ ግን ከእህቷ አትርቅም። ልጅቷ ስታስል ትነሳለች፣ ስታነጥስ ትነሳለች። ታሪኩን በስሟ እንድጽፈው የፈለገችውም ለዚህ ነው። በእሷ ስም፣ በእሷ መልክ፣ በእሷ ድምፅ አንዲት ወኪል ደጃችሁ ብትመጣ... እሺ እንዳትሏት።

ባለፈው ሰሞን እንደገና አገኘኋት። ቀኑ እሁድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነበር። እኔና እሷ ደጅ ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን። በሩ ክፍት ነው። ምሥራቅ ውስጥ ሆና ፀጉሯን እየጎነጎነች ታንጎራጉራለች።

ድንገት እንጉርጉሮው ተቋረጠ።

ሁለታችንም ዞር ብለን አየናት።

ልጅቷ ጣቶቿን ጉንጉኑ ላይ እንዳቆመች ጆሮዋን ወደ ጭቃው ግድግዳ ዘንበል አድርጋለች። የሆነ ነገር ታዳምጣለች። ከዚያ ለትልቅ ሰው እንደሚመለስ ሁሉ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በትሕትና...

«አይ አባቴ... ገና ነኝ» አለች።

ጉንጎናዋንም ቀጠለች።